ዕዳው እስኪያልቅ

አሰብ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሰብሌ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከሚያቃጥል የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ቀራንዮ እስኪደርስ ትንሽ ይቀዘቅዝ ይሆናል እንጂ ከልቤ ነው። ወለተጻድቅንና ገብረወልድን ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የወደቡ ክሬኖች ይሰበራሉ፣ እኔ እጠግናለሁ። የበረሃ አበሉ እስካልተቋረጠ ድረስ ቢሰበሩም ቅር አይለኝም።

ስለ ማኅበሩ ለጠየቅሽኝ መልሴ አይሆንም ነው። መድኃኔ ዓለም በዓመት አንድ ቀን ስላልደገስንለት አይቀየመንም። ባንኩ ግን አንድ ወር ካሳለፍን ይቀየማል። ተራው ሲደርስሽ ጠላው፣ ዳቦውና ወጡ ተደምሮ ከመቶ ብር አያንስም፤ መቶ ብር ከአንድ ወር ክፍያችን ይበልጣል። የእድሩን ሁለት ብር ክፈይ፣ እሱ ግዴታ ነው።

የቀረውን እንደተነጋገርነው አድርጊ። በየወሩ መቶ ሠላሳ ብር ይደርስሻል። ሰማንያው ለባንኩ፣ ሃምሳው ለቤቱ። ውክልናውን የሰጠሁሽ በኔ ስም ሄደሽ እንድትከፍዪ ስለሆነ ቀን አታሳልፊ። ማታ አንድ አምፖል ይበቃል፤ ሁሉም እሱ ያለበት ክፍል ይቀመጥ። ልጆቹ ትምህርት ቤት በእግራቸው ይሂዱ። ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን የምታገኚውን ስኳር ለእንግዳ ስታቀርቢ አንቺው ጨምሪለት፣ ጣሳውን ለሰው አትስጪ። ሰው በሰው ስኳር ላይ እጁ ሰፊ ነው።

ይህን ሁሉ ስልሽ እኔ እዚህ የተንደላቀቅኩ እንዳይመስልሽ። ከወሎዬው ጓደኛዬ ከአህመድ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነን። ቁርሴም ምሳዬም ዳቦና ሻይ ነው። አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር ቀርቶናል። ባሰላሁት መሠረት ከነወለዱ በ1980 አጋማሽ ያልቃል። ያን ቀን ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ከናንተ አልለይም። የምኖረው ለዚያ ቀን ነው።

መኳንንት

---

ቀራንዮ፣ ኅዳር 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለመኳንንት፣

ደብዳቤህ ሲደርስ ልጆቹን አስቀምጬ ሰላምታው ያለበትን አነበብኩላቸው። የአምፖሉንና የስኳሩን ክፍል ለራሴ አስቀረሁት። ሁላችንም ደህና ነን። ያንተ ሙቀት ብቻ ያሳስበኛል።

ማኅበሩን ትቻለሁ። ማኅበሩን ለሚመሩት ለሙሴው «ባለቤቴ ሲመለስ እገባለሁ» ብዬ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም «መድኃኔ ዓለም በሰላም ይመልሰው» አሉ። በሃያ ሰባት ቀን ሴቶቹ ጽዋውን ይዘው በደጄ ሲያልፉ ቤት ውስጥ ሆኜ ድምፃቸውን ሰማሁ። ምን ላድርግ፣ ያልፋል።

በፊተኛው ደብዳቤህ ስለ ቅቤው ለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ የእናቴ ወንድም ተክለሃይማኖት ከወልቂጤ ሲያመጣ ጥቂት ይሰጠኛል፣ እኔ ለጎረቤት እየመዘንኩ እሸጣለሁ። በዱቤ ነው የሚሰጠኝ፣ ስለዚህ ከቤቱ ገንዘብ አልነካሁም። ትርፉን ለዕዳው እጨምራለሁ። አንተ ብቻ ደክመህ እኔ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝም።

ልጆቹ አሁን መብራቱን ማን ያጥፋ በሚል ይጣላሉ። ያስቁኛል። አንድ ነገር ልለምንህ። ዳቦና ሻይ ምሳ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ትኩስ ነገር ብላ። ዕዳው ሲያልቅ የሚመጣው ሰው ሙሉ ሰው ይሁን።

ያንተዋ ሰብሌ

---

አሰብ፣ ግንቦት 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ ሰብሌ፣

አውቶቡሱ ሚሌ ላይ ጎማው ፈንድቶ ፀሐይ ላይ ዋልን እንጂ በሰላም ገብቻለሁ። የፋሲካ ፈቃዴ አሥራ ሁለት ቀን እንዴት እንዳለቀ አላውቅም።

እንደተቀየምሽኝ ተከትሎኝ ከደረሰው ደብዳቤሽ ሰላምታ ማጠር ገብቶኛል። አዎ፣ የስኳሩ ጣሳ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንቺን ተጠራጥሬ አይደለም፤ ልክ ያለው ነገር አይባክንም ብዬ ነው። የክሬን ዘይት እንኳ መለኪያ አለው። «በገዛ ቤቴ ሌባ አደረግኸኝ» ያልሽው ግን ከብዶኛል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ምልክቱን አታጥፊው።

የገብረወልድን ክንድ ሐኪም ቤት መውሰድ ነበረብን ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሻል። ወጌሻው በስድስት ብር አሽቶ ገጥሞታል፣ ምን ጎደለ? እኔን የገረመኝ ልጁ ሐሙስ ዕለት ከኮክ ዛፍ ወድቆ እስከ ፋሲካ ምሳ ድረስ ለማንም ሳይናገር መቻሉ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ጥርሱን መንከስ ከቻለ ነገ ጠንካራ ሰው ይወጣዋል። ለአህመድ በኩራት ነገርኩት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅ ስለሌለው ይሆናል።

ሌላ ዜና አለኝ። ወደናንተ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ዝውውር ተፈቅዶልኝ ነበር። እዚያ የበረሃ አበል የለም፣ ስለዚህ መለስኩት። ምክንያት ሲሉኝ «የቤት ዕዳ» ብዬ ጻፍኩ። ሳላማክርሽ በመፈረሜ አትዘኚ፤ እንደምትስማሚ ስላወቅኩ ነው።

መኳንንት

---

ቀራንዮ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለመኳንንት፣

ክረምቱ ከብዶብን ነበር፣ አሁን ቀለል ብሏል። ልጆቹ ደህና ናቸው። ክንዱ ድኗል። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርግልኝ፣ በየመሃሉ የሚነሣ ሥራ ነበረብኝ።

ዝውውሩን በመተውህ ምን እንደተሰማኝ ጠይቀሃል። ደግ አድርገሃል።

የባንኩን ደረሰኞች ላኪልኝ ላልከው፣ በፖስታ አልልክም። መንገድ ላይ አንዱ ቢጠፋ ሁለታችንም ነን የምንታመመው፣ ስለዚህ ከአሁን በኋላ እኔው ዘንድ በሣጥን ተቆልፎባቸው ይቀመጡ። በላክንልህ ፎቶ ላይ ጆሮዬና አንገቴ ባዶ የሆነው ወርቁን ለዓመት በዓል ብዬ ስላስቀመጥኩት ነው። ዓይንህ ስለታም ነው፣ መቼም።

ስኳሩ ከምልክቱ በታች አልወረደም። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሰብሌ

---

አሰብ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1977 ዓ.ም.

ውድ ሰብሌ፣

ዘንድሮ ከፈቃድ የተመለስኩት ደረቴን ነፍቼ ነው። ያንን ባዶ ሳሎን፣ ያችን አንዲት አምፖል፣ የልጆቹን የተጠጋገነ ጫማ ሳይ ኮርቼብሻለሁ። ስንቱ ሰው ሚስቱ ገንዘቡን ትበትንበታለች። ልጆቹም ረጋ ብለዋል። ስገባ ጨዋታቸውን ትተው ከመቀመጫቸው ይነሣሉ።

ስለ ደረሰኙ አትጨነቂ። የሣጥኑ ቁልፍ መጥፋቱ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ አብረን ፈልገን አጣነው። ባላየውም አምንሻለሁ። ይህን ያህል ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ካልተማመነ ምን ዋጋ አለው?

ያመመኝን ጥርስ ስለጠየቅሽኝ፣ አስነቀልኩት። ማስሞላቱ አሥራ ስምንት ብር ነው፣ መንቀሉ ሦስት። የቀረው ጥርስ ለዳቦ ይበቃል። ዝውውሩ ዘንድሮም መጣ፣ ዘንድሮም መለስኩት።

በሚመጣው ዓመት ለፋሲካ አልመጣም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ፣ ቀኑ ሲደርስ ታውቂዋለሽ። ለክፉ አይደለም።

መኳንንት

---

ቀራንዮ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለመኳንንት፣

እንዴት ከረምክ? አጭር ደብዳቤ ነው፣ ቅር አይበልህ። ያለ ፈቃድ ዓመቱን ሙሉ መሥራት ሰውነትህን እንዳይጎዳው ፈራሁልህ እንጂ የማትመጣበትን ምክንያት አልጠየቅኩም።

ለወለተጻድቅ ማን ከፍሎላት ታይፕ ትማራለች ላልከኝ፣ በነጻ ነው። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር የሚያስተምር ሰው አግኝቶ ነው። ዕዳው ስንት እንደቀረ ደግሞ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘሁም። አንተ ካሰላኸው አይርቅም።

ልጆቹ ሰላም ይሉሃል። ቶሎ ቶሎ አልጽፍም፣ ይህንንም ይቅር በለኝ።

ሰብሌ

---

አሰብ፣ ሰኔ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሰብሌ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

ከባንኩ የተጻፈልኝ መልስ ፊቴ ተቀምጧል። አራት መስመር ናት። የቤቱ ብድር ሐምሌ 23 ቀን 1976 ዓ.ም. ተጠቃሎ መከፈሉን፣ የቤቱን ካርታም ወኪሌ ወይዘሮ ሰብሌ ፈርመው መረከባቸውን ትገልጻለች። መጀመሪያ የሌላ መኳንንት ፋይል መስሎኝ ነበር። የአባቴን ስም አየሁ፣ ቁጥሩን አየሁ። የኔ ነው።

ለምን ለባንኩ እንደጻፍኩ ልንገርሽ። የዓመት ፈቃዴን በገንዘብ ለውጬ፣ እሑድ እሑድ ሠርቼ፣ ምሳዬን ትቼ አንድ ሺህ አንድ መቶ ብር አጠራቅሜ ነበር። የቀረውን በአንድ ጊዜ ዘግቼ ሳልነግርሽ ከደጅሽ ልቆም ነበር። ለፋሲካ የቀረሁበት ምክንያት ይኸው ነው። መልሱን ስከፍት አህመድ አጠገቤ ነበር። «ስንት ቀረ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ሊያቅፈኝ ተነሣ፣ ከዚያ ፊቴን አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰማንያ ብሩ በየወሩ የት ይገባ ነበር? ሌላ ሰው ካለ ንገሪኝና ልወቀው። ሰውነቴን አይተሽዋል፣ ጨርሼዋለሁ እኮ። ለሌለ ዕዳ ብዬ ዝውውር መለስኩ። ለሌለ ዕዳ ብዬ ጥርሴን አስነቀልኩ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ያ ቁልፍ ነው። ደረሰኙን ልይ ስልሽ አልጋ ሥር ገብተሽ በጉልበትሽ እየዳኽሽ ቁልፍ ፈለግሽልኝ። እኔም አብሬሽ ዳኽኩ። ምን ሆኜልሽ ነው እንዲህ ያደረግሽኝ?

መኳንንት

---

ቀራንዮ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

መኳንንት፣

ሌላ ሰው የለም። ያንን አስቀድሜ ልበልህ፣ ልጆቼን ይንሳኝ።

እንዴት እንደዘጋሁት ጠይቀሃል። ከቅቤው ትርፍ እቁብ ገብቼ ነበር፣ ሳልነግርህ። ከመጨረሻዎቹ ዕጣዎች በአንዱ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ወጣልኝ። የጆሮና የአንገት ወርቄን ሸጥኩ። የተክለሃይማኖትን ብድር ጨመርኩበትና ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር ቆጥሬ ለባንኩ ሰጠሁ። ያደረግኩት ቶሎ እንድትመጣልኝ ነበር። ሌላውን ባታምነኝ ይህን እመነኝ።

ካርታውን በነጠላዬ ሸፍኜ ቤት ገባሁና ልጆቹን ጠርቼ «ዕዳችን አለቀ» አልኳቸው። ወለተጻድቅ እልል አለች። ገብረወልድ አልጋው ላይ ወጥቶ ዘለለ። «እንግዲህ አባታችሁ ጠቅልሎ ሊመጣ ነው» አልኳቸው። ገብረወልድ መዝለሉን ተወና ከአልጋው ወረደ። ወለተጻድቅ ተነሥታ አምፖሉን አጠፋች። ማንም አላዘዛትም።

በማግስቱ ልጁን ለብቻው ይዤ «አባትህ ሲመጣ ደስ አይልህም?» አልኩት። ክንዱ የተሰበረ ጊዜ ለምን ሦስት ቀን እንደደበቀ የነገረኝ ያን ቀን ነው። «ከዕዳው ላይ እንዳይጨመር ብዬ ነው» አለኝ። አንተ ፈቃድ ላይ ሳለህ ብርጭቆ ሲሰበር፣ ደብተር ሲያልቅ «ይህም ከዕዳው ላይ ይጨመራል» ትል ነበር፣ ለጨዋታ ይሁን ለቁም ነገር አላውቅም። ልጁ ግን አምኖህ በተሰበረ ክንድ ሦስት ቀን ተኛ። አንተ ጥንካሬ ብለህ ለሰው የነገርከው ይኸው ነው።

የምሥራቹን የጻፍኩልህን ደብዳቤ ቀደድኩት። አንድ ወር ብቻ ይረፉ አልኩ። ወሩ አለፈ፣ ሌላ ወር መጣ። ሰማንያ ብሩ አልተሰረቀም፣ ተበላ። የተክለሃይማኖትን ብድር መለስኩ። ከዚያ እሑድ እሑድ ሥጋ ገዛሁ። ልጆቹ ጫማ አደረጉ። ወደ ማኅበሬ ተመለስኩና በተራዬ ደገስኩ። ወለተጻድቅ ታይፕ የምትማረው በወር አሥራ አምስት ብር ነው እንጂ በነጻ አይደለም። ቴፕም ገዛን።

አንተ ስትመጣ ቴፑን፣ ጫማዎቹን፣ አዲሱን ብርድ ልብስ ጎረቤታችን ሃጂራ ቤት ወሰድናቸው። የተሸከሙት ልጆቹ ናቸው። ያንን የኮራህበትን ሳሎን ባዶ ያደረግነው እኛ ነን። ቁልፉ መቀነቴ ውስጥ ነበር። አብረኸኝ ስትድህ ሳይህ ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከዚያ «የአዲስ ቁልፍ ዋጋ ስንት ነው?» አልከኝና ዘጋሁት።

በድዬሃለሁ። ልጠላህ አልቻልኩም፣ አብሬህ መኖር ግን ፈራሁ።

ሰብሌ

---

አሰብ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሰብሌ፣

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። ሌላ ወንድ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ከወንድ ጋር ሰው ይጣላል። ከቴፕና ከልጆች ጫማ ጋር ምን ተብሎ ይጣላል?

ሃጂራ ታውቃለች። ተክለሃይማኖት ያውቃል። ማኅበርተኛው ጠላሽን እየጠጣ ያውቃል። የገዛ ልጆቼ ዕቃ ተሸክመው ከኔ ይደብቃሉ። የማላውቀው እኔ ብቻ፣ ከፋዩ። እዚህ ሙቀቱ አርባ ሁለት ዲግሪ ሲገባ ብረቱ እጅ ይልጣል፤ እኔ እየተላጥኩ «ለነሱ ነው» እል ነበር። ለጣሪያና ለግድግዳ መሰለሽ? እዚያ ቤት ውስጥ እንድቀመጥ ነበር። እናንተ ደግሞ እንዳልቀመጥበት እኔኑ አስከፈላችሁኝ። እንዲህ ያለ ክህደት ከጠላትም አልጠብቅም።

ስለ ልጁ የጻፍሽው እንቅልፍ ነሥቶኛል። ያን ሐሙስ መጥቶ ቢነግረኝ ምን እለው ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። «ስንት ይፈጃል?» ነበር የምለው መሰለኝ። እውነቱን መናገር አለብኝ። ይህ ግን ያንቺን አያጠፋውም። አንድ ቀን «መኳንንት፣ ልጆቹ ፈርተውሃል» ብለሽ ብትጽፊልኝ ምን ነበረበት? አሥራ አምስት ሣንቲም ቴምብር ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ዝውውሩ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶልኛል። ሦስቴ የመለሰ ሰው ዳግመኛ አይጠየቅም፣ እዚሁ ይቀራል። ቅጹ ላይ «የዝውውር ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ሠራተኛው ሁሉ «ቤተሰቤ ይጠብቀኛል» ብሎ ነው የሚሞላው። እኔ ለመቅረት ስሞላ የጻፍኩት «የቤት ዕዳ» እውነት መስሎኝ ነበር፣ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ዳግመኛ ውሸት መጻፍ አልፈልግም።

ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። ልጆቹንም ጠይቂልኝ። «ቤተሰቤ ይጠብቀኛል» ብዬ ብጽፍ እውነት ነው? ቅጹን የምመልሰው ነሐሴ 30 ነው።

መኳንንት

---

ቀራንዮ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

መኳንንት፣

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት መልስ ጀምሬ ነበር። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። ሦስቱም «አዎ፣ ጻፍ» የሚሉ ነበሩ።

ስለ ቴምብሩ ያልከው እውነት ነው። ብጽፍልህ ኖሮ ምናልባት ትሰማኝ ነበር። አለመሞከሬ እስከ መቃብሬ ይከነክነኛል። አንተን ከልጆችህ የለየህ በረሃው ብቻ አይደለም፣ የኔም እጅ አለበት።

ልጆቹን ምሳ ላይ ጠየቅኳቸው። ወለተጻድቅ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብላ ጥያቄውን መለሰችልኝ። ገብረወልድ «ለስንት ቀን ነው የሚመጣው?» አለኝ። ለሁልጊዜ ነው አልኩት። ምግቡን ትቶ ተነሣ። ቆይቼ ሳየው ጓሮ ተቀምጦ የተሰበረውን ክንዱን በሌላው እጁ ይዞታል። ይህን ባልጽፍልህ እወድ ነበር።

ካርታውን በአደራ ደብዳቤ ልኬልሃለሁ፣ ባለቤቱ አንተ ነህ። ከፈለግህ መጥተህ ገብተህ ተቀመጥ፣ ማንም በር አይዘጋብህም። ውጡ ካልከንም ተክለሃይማኖት አንድ ክፍል አለው። ብትመጣ ልጆቹ ቀስ በቀስ ይለምዱህ ይሆናል፣ እኔም እለምድ ይሆናል። ያንን ግን ዛሬ ልምልልህ አልችልም።

ሁለት ዓመት ሙሉ በደብዳቤ ዋሽቼሃለሁ። አሁን የጠየቅከኝ በመንግሥት ወረቀት ላይ በስምህ የሚቀመጥ ነገር ነው። ሌላ ምክንያት ፈልገህ ሙላ። ሙቀቱን ጻፍ፣ ጤናህን ጻፍ፣ ዕድሜህን ጻፍ። «ቤተሰቤ ይጠብቀኛል» ብለህ ግን አትጻፍ።

ሰብሌ